«ምነው ከሳሽ?» ሲሏት

መካነ ሰላም፤ ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሚስቴን ዘሀራን አደንቃታለሁ፤ በአፌ ግን ነግሬያት አላውቅም። ሐኪሙ «ለጉልበትሽ ስትይ ትንሽ ክብደት ቀንሺ» ካላት ወዲህ፣ ይህ ሁሉ የጠዋት ብርድ አንድ ቀን እንኳ ከእግር ጉዞዋ አላስቀራትም። ዛሬ ፋርማሲው ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ባለፈው ሳምንት የወረደው ኪሎ ተመልሶ መጥቷል። ደነገጥኩ፤ አሁን በቃኝ ትላለች ብዬ ፈራሁ። እሷ እቴ! ጫማዋን እያጠለቀች «ሚዛንም እንደ ሽንኩርት ዋጋ ነው፤ ወጣ ይልና ይወርዳል» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ደጃቸው ላይ ቆመው አዩዋት።

«ውይ ልጄ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?»

የዘሀራ ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ትንሽ ቀራት። እትዬ ከድጃ ግራ ገብቷቸው እኔን ገላመጡኝ፤ «አንተ፣ አታበላትም እንዴ?»

ማምሻውን መሀሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ ላኩላት። ዘሀራ ሽታውን ሳብ አደረገችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ብላው፤ አንተን ከሳህ ያለህ ሰው የለም።»