የእማዬ ናሙና

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤ የለየንን መንገድ ያህል የረዘመ ሰላምታ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ማማረር ነውር ነው።

እኔ ያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነኝ። ጉንፋን ስለበዛ ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍንጫ ናሙና ስወስድ እውላለሁ። ጫፏ ጥጥ የሆነች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ወደ ላይ ሳይሆን በጆሮ አቅጣጫ ቀጥ አድርገህ ታስገባለህ፣ ቀስ ብለህ ታዞራለህ፣ ከዚያ ብልቃጥ ውስጥ ትከታታለህ። ዓይኑ እንባ ሳያቀር የሚነሳ ሰው የለም። ያ ደረቱን የሚነፋው ዘበኛችን እንኳ አነባ። ባልደረቦቼ «አስለቃሿ» ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ማክሰኞ ዕለት እማዬ ሳል ይዟት መጣች። ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ ራሴ ወሰድኩላት። ጭንቅላቷን ደግፌ «ትንሽ ቻይው፣ እማ» አልኳት። ቻለችው። ስጨርስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እጅሽ ይባረክ! የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ጭምብል አድርጌአለሁ፣ መነጽሩም አለ፤ ማን ይለየኛል? ሳቅኩና ሁሉንም አወለቅኩት። ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጉንጬን ዳበስ አድርጋ «የወለደችሽ ታድላ» አለችኝ።

ውጤቱ ተራ ጉንፋን ነው፤ ሳሉም ለቋታል። ስለዚህ አታስብ።

ብቻ እሁድ ስትደውል እንደ ወትሮው «እኔ ነኝ» ብለህ አትጀምር። ስምህን አስቀድመህ ንገራት፤ የእሷ ልጅ መሆንህንም ጨምርበት። መስመሩ ስለማይጠራ ነው።

በል፣ ደህና ያቆይህ፤ ሳይመሽብን ያገናኘን።

ታናሽህ፣ አስለቃሿ