የሌንጮ ተራ

ሐምሌ 4፣ መቱ
ዛሬም ዝናብ። የክረምት ትምህርቴ ተጀመረ፤ ሁለተኛ ዲግሪ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስተማሩንም ልጁንም ብቻዬን ጎተትኩ። ይህ ክረምት የባሌ ተራ ነው። ተስማምተናል፤ ሌንጮ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዷል። ልጃችንን ገለኔን ታቅፎ እስከ በር ሸኘኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሀረገወይን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።
«ታድለሽ! ልጅ የሚይዝ ባል!»
እኔ ስይዝ እሱን ማን «ታደልክ» አለው?

ሐምሌ 9
ከክፍል ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ገለኔ የለችም። ሌንጮ ገጠር፣ ዳሪሙ፣ እናቱ ዘንድ ወስዷታል።
«ጡት እንድትጥል ነው። እማዬ ጋ ሦስት ቀን ብትሰነብት ትረሳዋለች። ሁሉም እንዲህ አይደል የሚያስጥለው?»
ልማዱስ ልማድ ነው። ግን እናቲቱ ሳታውቅ?
«እንድትማሪ እኮ ነው! ላግዝሽ ብዬ!»
ጡቴ አጋተ። ሸሚዜ ረጠበ። ሦስት ቀን... እሺ።

ሐምሌ 13
«ጭቃው ይድረቅና አመጣታለሁ» ይላል። በሐምሌ!

ሐምሌ 16
ፈተና ነበረኝ። ትቼው ዳሪሙ ሄድኩ። መኪናው ካቆመበት በእግር፣ እስከ ጉልበት ጭቃ። አማቴ እማማ በየነች ገለኔን አዝለው በቆሎ ይፈለፍላሉ።
«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስከ መስከረም ይያዙልኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»
እስከ መስከረም! በእኔ ስም!
ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። «ሰባት ወለድኩ። አባታቸው አንዱንም አንስቶ አያውቅም። ሌንጮ ከማን ይማር?»
ጡቴን አወጣሁ። ገለኔ ፊቷን አዞረች።
መጨረሻ የጠባችው መቼ ነበር? የወሰዳት ቀን ጠዋት? እየተጣደፍኩ ነበር... ልብም አላልኩ።

ሐምሌ 17
ገለኔን አዝዬ መቱ ተመለስኩ። ሌንጮ ፈቃድ የወሰደው ለልጅ ነው፤ ያገኘሁት ፑል ቤት። ገለኔን ከነቦቲዋ ጠረጴዛው ላይ፣ ኳሶቹ መሀል አስቀመጥኳት።
«ምን ማለትሽ ነው? ሰው ፊት!»
«ተራህ ነው።»
«እኔ እኮ ልረዳሽ ብዬ...»
«የረዱኝ እናትህ ናቸው፤ በታመመ ወገባቸው። አንተ የረዳኸው ራስህን ነው።»
አንዱ ጓደኛው፣ «ሌንጮ፣ ዳይፐር ይዘሃል?» አለ። ሳቁ። እኔ ወደ ክፍል ሄድኩ።

ነሐሴ 11
ሌንጮ አያናግረኝም። ገንፎ ግን ያገነፋል፤ መጀመሪያ ይጓጉልበት ነበር። ሰፈሩ «ወንዱን አዋረደችው» ይላል። ያመለጠኝን ፈተና የሚደግምልኝ የለም። ጡቴ ደርቋል።
ቅድም ሳጠና ገለኔ ደጅ ወድቃ ጮኸች። ብድግ አልኩ። በሩ ላይ ስደርስ አየኋት... ወደ እኔ ዞር ሳትል ወደ አባቷ ሮጠች።
ተመልሼ ተቀመጥኩ። የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም?
ነበር። ቢመረኝም ይሁን።