እሺ እማ፣ ቀነስኩ

ውድ ጩኸታሙ ልጄ፣

አልበምህ ወጣልህ። አንተ ሳታየው ወጣ እንጂ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ጊታርህን ታቅፈህ፣ ያ ፀጉርህ ዓይንህን ጋርዶታል። "ፊቱን እንኳ አያሳይም እንዴ!" ብዬ ተቆጣሁ። ማንን እንደምቆጣ እንጃ።

የጓዳዬን ግድግዳ በአሮጌ ፍራሽ ሸፍነህ "እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጓዳ እንዳትይው፤ ስቱዲዮ ነው" አልከኝ። የምን ስቱዲዮ! ፍራሹ ትኋን እንጂ ድምፅ አይዝም ነበር። ከምትጫወትበት ባንድ ወጥተህ ለብቻዬ እሠራለሁ ስትል፣ ጊታሩም ቤዙም ከበሮውም አንተው ሆንክ፤ ዘፋኝ እንኳ አልነበረህም። እኔ ልብስ ሳጥብ ጆሮዬ ሊበጠስ ሲደርስ በሩን እየደበደብኩ "ቀንሰው! ኧረ ቀንሰው አንተ ልጅ!" እላለሁ። አንተ "እሺ እማ፣ ቀነስኩ" ትልና ጭራሽ ትጨምረዋለህ። ውሸታም።

አንድ ቀን ጩኸቴ ሦስተኛው ሙዚቃ ውስጥ ገብቶ ተቀዳ። ጠርተህ አሰማኸኝ። እኔ "ቀንሰው!" ስል፣ አንተ "እሺ እማ፣ ቀነስኩ" ስትል። "በቃ አንቺም አልበም አወጣሽ፤ እንዳለ ነው የምተወው" ብለህ በሳቅ ፈረስክ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ያ የደረት ሕመም ጣለህና ሚክስ የምትለውን ድምፅ ማስተካከል ሳትጨርስ ሞትክብኝ። ወሬ አትወድም ነበር፤ ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለህም። አልበሙን የጠበቅሁት ለዚያች ለአንዲት ቃልህ ነው።

ሚክሱን የጨረሰው "ጆሮው" የምትሉት ጓደኛህ ነው። ሲዲውን ራሱ አምጥቶ ከፈተልኝ። ሦስተኛው ደረሰ። ጊታርህ ብቻ።

"እዚህ ጋ ድምፅ አልነበረም እንዴ?" አልኩት።

"ነበረ እንጂ እማማ! በር ይደበደባል፣ ሰው ይጮኻል። አንድም ሳላስቀር አጸዳሁት" አለኝ ደስ ብሎት።

"የድሮውስ አለ?"

"የቆሸሸውን ምን ያደርግልዎታል? አጠፋሁት'ኮ።"

ምን ልበለው? ለአንተ ብሎ ሲለፋበት ከርሟል። "ተባረክ ልጄ" አልኩት።

ዛሬ ብቻዬን ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፅህ የነበረባት ቦታ ስትደርስ "ቀንሰው!" ብዬ ጮህኩ። ደግሜ ጮህኩ። አልቀነስክም፤ አልመለስክልኝም።

ጎረቤታችን መጥታ በሩን ደበደበች። "ኧረ እትዬ፣ በፈጠረዎት ይቀንሱት!"

"እሺ፣ ቀነስኩ" አልኳት።

አልቀነስኩም።

ነገም የምትጮህብህ
እናትህ