ከደጅ ያየሁት ጎልጎታ

ይድረስ ለእህቴ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። እንደምን ሰነበትሽ? እናታችንስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ዛሬም ያስቸግራታል? ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ እንደ ደንቡ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ያዝኩ። እግዚአብሔርስ ይመስገን፤ ደህና ግን አይደለሁም።

ይሄን ጊዜ እማሆይ ወለተ ኪዳን የኔን ሻንጣ ይዘው ብቻቸውን ከሚኒባስ ሲወርዱ አይተሽ ደንግጠሻል። ድንኳን ጥላችሁ፣ ተሳልማ ተመለሰች ብላችሁ «ኢየሩሳሌም መጣች» ልትሉኝ ጎረቤቱን ሁሉ እንደሰበሰባችሁ አውቃለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ወርጄ ቀረሁ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ፣ እማሆይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠብቁ ነው ይሄን የምጽፍልሽ፤ በሳቸው እጅ ይደርስሻል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን እናታችን ጆሮ ሥር ድምፁን ለቀሽ ስለምታወሪ ነው፤ ስንት ዓመት ተይ ብልሽ አልሰማሽኝም።

ደም ይፈሰኛል። የወር አበባዬ ከቆመ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አብረን «ተገላገልን» ብለን የሳቅን ቀን ትዝ ይልሻል። ኅዳር ላይ ትንሽ ትንሽ አለኝ፣ ለጥምቀት ባሰብኝ። ለመምህራን ስብሰባ ነው ብያችሁ ማርቆስ መጥቼ ታየሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እጄን ይዛ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ አዲስ አበባ ሄደው ይመርመሩ ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ፓስፖርቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ለናንተ ጨጓራዬ ነው አልኳችሁ። ብነግራችሁ አትሄጂም ትሉኝ ነበር። ተመርምሬ የበሽታውን ስም ብሰማው ደግሞ እኔም አልሄድም ነበር። ኢየሩሳሌምን ሳላይ አልጋ ላይ መውደቅ ፈራሁ።

ልንሳፈር ሰሞን ቆመልኝና ስንቱን ታቦት አመሰገንኩ መሰለሽ። ቤተ ልሔም በደረስን በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ ላንቺ አልነግርሽም፤ ያሳደገችን አንድ እናት ናት። ስለዚህ ያንን ሁሉ ታሪክ ከደጅ ሆኜ አየሁት። ጌታ የተወለደበት ቤተ ክርስቲያን በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ሲገባ እኔ የሰው ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ዮርዳኖስ ላይ ሌሎቹ ነጭ ለብሰው ሲጠመቁ ጫማቸውን ጠበቅሁ። አስጎብኚያችን ዘመንፈስቅዱስ ምነው ሲለኝ ሆዴን ነው እለዋለሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ በደረስንበት ሁሉ ሻይ በሎሚ ፈልጎ ያመጣልኛል። ኢያሪኮ ላይ ብቻ ከሰው እኩል ሆንኩ። ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ ነው ብለው አሳዩን፤ ዛፍ ነውና ማን ይከለክለኛል፣ ግንዱን ተደግፌ ፎቶ ተነሣሁ። ፊትሽ በርቷል ያልሽኝ እሱን አይተሽ ነው። ትኩሳት ነበረኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቀሚሴን ሳጥብ እማሆይ ደረሱብኝ። አንድ ክፍል ነበርን። ይሄ እኮ በሽታ ነው፣ ካህን እንጠይቅልሽና የሚሉትን እንስማ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ማንን አስፈቅዳ ነው የጌታን ልብስ የነካችው ቢሉኝ፣ እሷ ደፋር ናት አልኳቸው። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። ካህኑ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪምስ ምን አለ?» ብሎ ነው። የፈራሁት እሱን ጥያቄ ነው።

ጎልጎታ የሄድን ዕለት አደባባዩ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። በሩ ሰፊ ስለሆነ የጌታ ሥጋ የተገነዘበት ድንጋይ ከውጭ ይታያል። ሰዉ ይንበረከካል፣ ሽቶ ያፈስበታል፣ በጨርቅ ያብሰዋል። ከደብረ ወርቅ ተነሥቼ እዚያ ድረስ መጥቼ ሃያ እርምጃ ቀረኝ። ቀናሁባቸው እህቴ። አብረውኝ የመጡትን ሁሉ፣ እማሆይንም ጭምር፣ ለትንሽ ጊዜ ጠላኋቸው። ከዚያ አለቀስኩ። ማንም አትግቢ አላለኝም፤ ልግባ ወይ ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁ። ሐኪሟንም እንዲሁ ነው የሸሸኋት። እዚያው ተቀምጬ፣ አገሬ ስገባ ሐኪም ቤት ሳልደርስ ቤቴ አልገባም አልኩ።

አዲስ አበባ ላይ ሳልፍ አልደፈርኩም፤ ነገ እዚሁ ወደ ሐኪሟ እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልችልም፣ ነይልኝ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዢ፤ እስክትመጪ ሐኪም ቤቱ በር ላይ እቆይሻለሁ። እናታችንን የትምህርት ቤት ጉዳይ ማርቆስ አቆያት በያት። ጎልጎታ ገባች ወይ ካለችሽ፣ ደርሳለች በያት፤ ይሄ ውሸት አይሆንብሽም። የመጣውን ሰው አብሉና ሸኙ፣ የተደገሰው አይበላሽ። እማሆይን ምንም ብለሽ አታስጨንቂያቸው፣ እንዳይናገሩ አስምያቸዋለሁ።

ሻንጣውን አንቺ ራስሽ ክፈቺው። እናታችን ለመቀበሪያዬ ብላ አደራ ያለችኝ መግነዝ እዚያ ውስጥ ነው፤ እማሆይ ይዘውልኝ ገብተው ድንጋዩ ላይ ዘርግተው አምጥተውታል። ሁለት ነው የምታገኚ። አጭሩ የሷ ነው፣ ስመሽ ስጫት። ረጅሙን እንዳታሳዪያት፤ ቁመቱን ስታይ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ከኔ ሳጥን፣ ከደብተሮቼ ሥር አድርጊልኝ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። እናታችንን የልጅ ኀዘን አያሳያት።

ታላቅ እህትሽ