ከፍራንክፈርት እስከ ቦሌ

አቃቂ፣ ጥር ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህን ጋቢ ደርበህ ስትወጣ ፈረንጆቹ አይሥቁብህም? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። አጎታችን ባሻ ወልደሚካኤል ደህና ናቸው። ልጃቸው የሺሐረግ ደህና ነች፤ ልጇ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። ጎረቤታችን አቶ ለሜሳም ከነቀልዳቸው አሉ።

ስለ እማዬ አጥብቀህ ጠይቀኸኛል። መታመሟን ታውቃለህ። አጎታችን፣ «ተሽሏት እህል ቀምሳለች ብለሽ ጻፊለት፤ ትምህርቱን ይጨርስ፤ ሁለት ዓመት ምን አላት» ብለውኛል። ብዕሩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥሁት።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ አልሆንልኝ ብሏል። የማሽኑ ጩኸት ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጣል፤ እኔ ግን አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ያለፈ ይመስለኛል። ቀና እላለሁ። ክሩ ይበጠሳል። አለቃችን ካሳሁን ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ስገባ ስላየኝ ግን ክሩን ራሱ ቀጥሎልኝ ያልፋል።

ቅዳሜ አስፈቅጄ በአውቶቡስ ፒያሳ፣ አውሮፕላን ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ካርታ ላይ መንገዱን በእርሳስ አሳየችኝ። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከፍራንክፈርት ማታ የተነሣ ሰው አቴናና ካይሮ አርፎ በማግስቱ ቦሌ ይወርዳል። ደርሶ መልስ ነው ወይስ መምጫ ብቻ ስትለኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ወጣሁ።

ይህን ለአጎታችን ነገርኳቸው። እርሳቸው ከጅማ በበቅሎ የመጡ ሰው ናቸው። «ባሕር ማዶ ነው ልጄ፣ እስኪደርስ ሁሉም ያልፋል» አሉ። በማግስቱ ይደርሳል ብላቸው፣ «ደርሶስ ማንን ሊያይ ነው?» አሉና ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ያን ጊዜ አቶ ለሜሳ፣ «ባሻ፣ እርስዎ እኮ ለሳሪስ መንገድም ስንቅ ያስቋጥራሉ» አሏቸው። ሊያጽናኑን የመጡት ሰዎች ፈገግ አሉ። እኔ አልቻልኩም።

ቆይተው አጎታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻውን ነው። ሲወድቅ ማን ይደግፈዋል? ማን ውሃ ያቀብለዋል?» አሉ። ክፋት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለእርሷ ሰላምታ እየላክህ፣ እኔ እዚህ ሆኜ መልሱን ልፈጥርልህ?

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአንተ አድራሻ አልላክሁትም። ለአብሮ አደግህ ለአሻግሬ ላክሁለት፤ ከሚማርበት ከተማ በባቡር መጥቶ በእጁ እንዲሰጥህ። ገና ሳይነጋ፣ ቁርስ ሳትቀምስ በርህን ያንኳኳው ለዚህ ነው። አሁን አጠገብህ ነው። አትሽሸው፣ እጁንም አትግፋ። የአውሮፕላኑን ቀን ጽፌለታለሁ። ና፤ አጎታችን ቢቆጡም በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።

ታናሽ ታላቁን አይመርቅም። ግን በእርሷ ፈንታ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።

ታናሽ እህትህ