የኤልያብ መልቀቂያ

ቴምቢሳ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

የጌታ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህንስ ተሻለህ? የልጆቹ እናት፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረሙ? ሆሳዕና ላይ ኮሮናው እንደዚህ አገር አልከፋም ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ቢሆንም ለቅሶ ቤት ገብተህ ሰው አትቀፍ። እኔና ባለቤቴ ስሜነሽ ደኅና ነን። በኅዳር ሳል ይዞኝ ዘጠኝ ቀን ከቤት ሳልወጣ ተኛሁ፤ አሁን እሱም አልፏል።

ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ላሟ አውርተን ዘጋን። በስልክ መናገር የማልችለው ነገር እንዳለ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ምሕረቱ ወደ አገር ስለሚገባ ይህን በእጁ ያደርስልሃል።

ነገሩ የልጅህ ነው። አትደንግጥ፣ ደኅና ነው።

ኤልያብን በአሥር ዓመቱ ስትልክልኝ እንደ ልጄ እንዳሳድገው አደራ ብለኸኛል። አሁን ሃያ አንድ ሞልቶታል። በሥራ ቀን ሱቄ ውስጥ ይቆማል፤ ቅዳሜ ደግሞ እኔ በምመራው ቡድን በረኛ ነው። ቡድናችን የቤተ ክርስቲያናችን ልጆችና ባለሱቆች ናቸው። ማልያውን ራሳችን ገዝተን፣ ለዳኛው አዋጥተን እንጫወታለን፤ የሜዳውን መስመር ጠዋት በኖራ የማሰምረው እኔ ነኝ። ደንቤ ሁለት ነው። ያረፈደ አይሰለፍም። እሁድ አንጫወትም። በ2009 ለዋንጫ ደርሰን ጨዋታው እሁድ ሲሆንብን ሜዳ አልገባንም፤ ዋንጫውን ያለ ጨዋታ ወሰዱት። ልጆቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም።

በጥቅምት ከእኛ በላይ ባለው ሊግ የሚጫወት አንድ ክለብ ኤልያብን ፈለገው። ክለቡ የባለሙያዎች ክለብ አይባልም፣ እንደ እኛም አይደለም፤ መሃል ላይ ያለ ነው። ተጫዋቾቹ ጠዋት የእንጀራቸውን ሥራ ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይለማመዳሉ፤ ለትራንስፖርት የምትሆን ጥቂት ይሰጣቸዋል። ከዚያ ግን ወደ ላይ መውጫ አለ። ከእኛ ዘንድ መውጫ የለም። እዚያ ለመመዝገብ ከቀድሞ ቡድኑ መልቀቂያ ያስፈልገዋል፤ ፈራሚው እኔ ነኝ። የእነሱ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ነው። አልፈርምም አልኩ። ልምምድ ብቻ ልሂድ ሲለኝ ፈቀድኩለት፤ ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ስለሆነ።

ልጅህ አልጮኸብኝም። በዚህ አንተን ነው የወጣው፤ ሲከፋው ዝም ብሎ ዕቃ ይደረድራል። የሳሙናውን መደርደሪያ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ደረደረው። የጮኸው ወንድሙ የሚባለው አጥቂያችን ነው። «ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ልጅ እኛ ጋ በስልክ እያወራ ቢቆም እንኳ ጎል አይገባበትም። ምን ይጠብቃል?» አለኝ። ሥርዓት ይጠብቃል አልኩት። «እሱንማ አሥራ አንዳችንም እየጠበቅን ነው» ብሎ ልጆቹን አሳቀብኝ። ሁለት ሳምንት አላሰለፍኩትም።

ለምን እንደማልታጠፍ አንተ ታውቃለህ። በእኛ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ በየቤቱ ተደብቀን ስንጸልይ፣ ቀበሌው ወጣቱን ከጸሎት ለማስቀረት እሁድ ጠዋት ኳስ ያስጫውት ነበር። አባታችን ሞቶ ቤቱ በእኔ ላይ ነበር። እሁድ ኳስ የነካ ከእኛ ወጥቷል ብዬ ያዝኩ፤ እንደያዝኩም ቀረሁ።

በገና ሰሞን በሽታው እንደገና አገረሸ። የቤተ ክርስቲያን በር ተዘጋ። የባለሙያዎቹ ኳስ ሲቀጥል የእኛ ዓይነቱ ቆመ፤ ሜዳችን ላይ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። በጥር መጨረሻ አምልኮ ሲፈቀድ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ሰው ብቻ ተባለ። ፓስተራችን ምእመኑን በፈረቃ ከፈለው፤ የእኔና የኤልያብ ፈረቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላይ ወደቀ። ቀይርልን አልኩት። «አባቴ፣ ጌታ ቅዳሜም አለ» ብሎ መለሰኝ። ሄድን። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ኤልያብ በጭምብሉ ውስጥ ሆኖ፣ «አባባ፣ ታዲያ ነገ ምንድን ነው?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ነገ እሁድ ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያ «እሺ» አላስተኛኝም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ልጁን ተስፋ ማስቆረጥ ካለብኝ ለአሠልጣኙ ፊት ለፊት እምቢ ልበለው ብዬ ያልተፈረመውን ወረቀት በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ልምምዳቸው በዚያ ሰሞን ተመልሷል፤ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጀፕስታውን ካለው የጅምላ ገበያ የሱቅ ዕቃ ገዝቼ ስመለስ መንገድ ተዘጋጋና ሰባት ደቂቃ አረፈድኩ። የሜዳው በር ተቆልፏል። ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን እንኳ ግንባሬ ላይ አላነሣም። «ሳሪ ማዳላ፣ አሥር ሰዓት አልፏል» አለኝ። ማዳላ የሚሉት ሽማግሌን ነው። አሠልጣኙን ፈልጌ ነው አልኩት። «የቆለፈው አሠልጣኙ ነው» አለ። የቡድን ሰብሳቢ ነኝና ንገረው አልኩ። ሄዶ ተመለሰ። «ሰብሳቢ ከሆነ ሰዓት ያውቃል ብሏል» አለኝ።

ወንድሜ፣ አልዋሽህም፤ ቡድን በመራሁበት ሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ተናድጄ መሄድ ሲገባኝ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

አንዱ ተጫዋች የዳቦ ቤት ዱቄት ፀጉሩ ላይ አለ። ሌላው የጥበቃ ጫማውን አውልቆ ታኬታ ያጠልቃል። እያንዳንዱ የውሃ ጠርሙስ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። እኛ ዘንድ አጥቂ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ነው የሚያስበው፤ እነዚህ አስበው ይቀበላሉ። በእኛ ሜዳ አንድ ኳስ የማያልፈው ልጅህ በአሥር ደቂቃ ሦስት ገባበት። ሦስተኛው በእግሮቹ መሃል ነበር። ያገባበት አጥቂ፣ «ሱቁን ክፍት ትተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ ጮኸበትና ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ኤልያብም አብሮ ሳቀ። ሱቅ ውስጥ ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፎ ነበር።

ከዚያ ተነሣና በተረከዙ የግራውን ቋሚ መታ፤ ሄዶ የቀኙን መታ፤ መሃል ቆመ። ይህን ከማን እንደተማረ አንድ ጊዜ ጠይቄው «ከማንም» ብሎኛል። አንተም እንዲሁ ቋሚ የምትመታ በረኛ እንደነበርክ ነግረኸው አታውቅም። እኔም አልነገርኩትም። አራተኛውን ያዘ። አምስተኛውን ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣው።

ጎል ስለማይገባበት ጎበዝ ነው ስል ኖሬያለሁ። ለካ የሚፈትነው ሰው በሌለበት ቦታ ነው ያቆየሁት።

ልምምዱ ሲያልቅ አሠልጣኙ ወጣ፤ አጭር ሰው ነው፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ይነዳል። «ሰባት ደቂቃ» አለኝ ከሰላምታ በፊት። መንገዱ ተዘጋግቶ ብዬ ስጀምር የልጆቼን ሰበብ በራሴ አፍ ሰማሁትና አቋረጥኩ። የእሁዱንስ ነገር ምን ትላለህ አልኩት። «ጨዋታችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ከፈጣሪው ጋር ይዋል፤ ብቻ አያርፍድ» አለ። ወረቀቱን በአሠልጣኙ መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ኤልያብ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የገዛሁትን ዕቃ እስከ ቤት አላስያዘኝም።

የእኔ ቡድን እሁድ አይጫወትም። ይህን ለአጥቂያችን ለወንድሙም ነግሬዋለሁ።

ያለፈው እሁድ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነበር። ተመልካች ስለማይገባ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደርሼ ከአጥር ውጭ ቆምኩ። በረኞች ሦስት ናቸው፤ ልጅህ ሦስተኛ ነው፤ በተቀያሪዎች ወንበር ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው። አልገባም። ሲወጣ ግን ፊቱ እንደገባ ሰው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ እሆናለሁ ይላል። ይሆናል፤ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ።

በ1973 ከአዲስ አበባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን አንድ ሰው ሆሳዕና መጥቶ አንተን አይቶ ነበር። ግማሽ ቀን ሥራ፣ ግማሽ ቀን ኳስ፤ ደብዳቤ እንልክልሃለን ብሎህ ሄደ። ያን ክረምት ፖስታ በሚመጣበት ማክሰኞ ሁሉ ደጅ ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር፤ የሣጥኑ ቁልፍ በእኔ ኪስ ነበርና። መስከረም ሲጠባ መቆሙን ተውክ። «አልፈለጉኝም» አልክና ጓንትህን ለጎረቤት ልጅ ሰጠህ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የልጅህ መልቀቂያ ቅጂ ነው። ሁለተኛው በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ሆኖ እስከዚህ አገር አብሮኝ የመጣ ነው። መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷልና ቀስ ብለህ ክፈተው። የፋብሪካው ማኅተም ደብዝዟል፤ ስምህ ግን ይነበባል። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ከዚያ በኋላ ብትደውልልኝ አነሣለሁ። የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ አላቋርጥህም። ለእኔ ባትደውል እንኳ ለኤልያብ ደውልለት። ቋሚውን ለምን እንደሚመታ የሚነግረው አባቱ ይሁን።

ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ። ዕድሜህ ይርዘም፤ ልጅህን በር ላይ ቆሞ ለማየት ያብቃህ። ስሜነሽ ሰላም ብላሃለች።

ታላቅ ወንድምህ