ገረመው በነጻ የሞላልን ጋዝ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አምሐ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የእትዬ መንበረ ወገብ ተሻላት ወይስ አሁንም ያስነሣታል ያስቀምጣታል? ባስልኤልስ ማትሪኩን እንዴት ወጣው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፉት ሁለት እሑዶች ስደውል «አባባን አገናኚኝ» ብትለኝ «ተኝተዋል» ያልኩህ ውሸቴን ነው። አባባ ሆስፒታል ነበሩ። በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ በወረቀት ግን ሁሉንም እነግርሃለሁ።

ነገሩ የመጣው በኤርኮንዲሽነሩ ነው። ሳን ሆዜ ነሐሴ ሲገባ ቤቱ ምድጃ ይሆናል። የዛሬ ሁለት ዓመት ማሽኑ ሙቅ አየር መትፋት ሲጀምር ነገርኩህ፤ «ማሽን ጠጋኙ ጓደኛዬ ገረመው ኦክላንድ እያለልሽ ምን ባዕድ ያስጠራሻል?» አልከኝ። መጣ፤ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ። ልከፍለው ብል «የአምሐ እህት አይደለሽ? ነውር ነው!» ብሎ ተቆጣኝ። ምሳውን በልቶ፣ የአባባን ጉልበት ስሞ ሄደ። አምናም እንዲሁ፣ ዘንድሮ ሰኔ ላይም እንዲሁ።

ያ በነጻ መሥራቱ ምላሴን አሰረው። ከፍዬው ቢሆን ኖሮ «ይኼ ጋዝ በየዓመቱ የት ነው የሚሄደው?» ብዬ አፋጥጠው ነበር። ጎረቤቴ የሌላ ባለሙያ ስልክ ብትሰጠኝ፣ ገረመው ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወሸቅሁት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የማሽኑ የመዳብ ቱቦ በረዶ ሠራ፤ ቤቱም እንደገና ጋለ። ደወልኩለት፤ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። ቅዳሜው መጣ፤ እሱ ቀረ።

ነሐሴ ሦስት ዓርብ ነበር። አባባ ፍልሰታን፣ ታውቃቸው የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚጾሙት። መስኮት ልክፈት ስላቸው «ነፋስ ይመታኛል» ብለው ከለከሉኝ። ከፍሪሞንት ከሥራ ስመለስ ማሽኑ ያጓራል፣ የሚያወጣው ግን ትኩስ አየር ነው። አባባ ከወንበራቸው ሥር ወድቀዋል። ገላቸው ይፋጃል። ስማቸውን ብጠራ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ሆስፒታል አሥር ቀን ተኝተው ወጡ። አሁን ያውቁናል፤ ነገር ግን ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ ያለ ደጋፊም አይቆሙም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ነው ባለሙያ የጠራሁት። አንድ ቬትናማዊ መጣ። «ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ» አለኝ። ቦታውን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፤ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ነው፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ። ሰው ነው የጠቀለለው፣ ጋሼ! ገረመውን ጠየቅሁት፤ አልካደም። እዚህ አገር ይህን ጋዝ የሚነካ ሰው ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ እሱ ሁለቴ ወድቋል። «ሌላ ሰው ጥሪ ብልሽ ለአምሐ ትነግሪዋለሽ ብዬ አፈርኩ» አለኝ። እሱ አንተን አፈረ፣ እኔ እሱን አፈርኩ፤ የተቀቀሉት አባባ ናቸው።

አሁን በየቀኑ ከኦክላንድ እየነዳ ይመጣል። ያነሣቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ዳዊት ያነብላቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን» እያለ ይመርቀዋል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ምሳ አቀርብለታለሁ። አባባ ምንም አያውቁም፤ ልነግራቸው ስንት ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አንተንም ተቀይሜሃለሁ፣ አልደብቅህም። ራሴን ግን ከሁላችሁም አብልጬ ጠልቻለሁ።

እትዬ መንበረን ሳምልኝ፤ ወገቧን በሙቅ ውሃ ትተኩሰው። ባስልኤልን ውጤቱ ምንም ቢሆን እንዳትቆጣው። ልጄ ብሩክታዊት በእንግሊዝኛዋ «አጎቴን እወደዋለሁ» ብላሃለች።

አባባ ስጽፍ አይተው ቃል አስጨምረውኛል። «አምሐ ለገረመው የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልኝ፤ ከወለድኳቸው ይልቅ እሱ ጧሪ ሆነልኝ በይው» ብለዋል። እነሆ፣ ቃላቸውን አድርሻለሁ። የምትጽፍለትን አንተ ታውቃለህ።

እህትህ ፅጌረዳ
ሳን ሆዜ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1988 ዓ.ም.